ቀዩ ዓምድ

አናጢው በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ አንድ ጠዋት የበር ቋሚ ሲለኩ፣ ሜትሩን እንደያዙ ወደቁ። ከሆስፒታል ሲወጡ በምርኩዝ መራመድ ይችሉ ነበር። ግራ እጃቸው ደህና ነው፤ ቀኙ ከክርኑ በታች ተንጠልጥሎ ቀረ። አፋቸው ግን አልተመለሰም። የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፤ ሊመልሱ ሲሞክሩ የሚወጣው አንድ የማይለወጥ ድምፅ ብቻ ነው። ያንን ድምፅ እሳቸው ራሳቸው ስላልወደዱት ከሁለተኛው ወር በኋላ መሞከሩን ተዉት።

ከመታመማቸው በፊት ሰፈርተኛው «ጋሽ አይሆንም» ይላቸው ነበር። ደንበኛ ያልደረቀ እንጨት ይዞ ሲመጣ፣ ወይም ግድግዳው የማይሸከመውን በር ካልሠሩልኝ ሲል፣ «አይሆንም» ብለው ወደ መላጊያቸው ይመለሳሉ። ደንበኛው ተቆጥቶ ይሄዳል፤ በሳምንቱ የደረቀ እንጨት ይዞ ይመጣል።

ሁለት ልጆች አሏቸው። ወንዱ ታላቅ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሲሆን ከአባቱ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ይኖራል። ሴቷ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ናት፤ ለኅትመት ከተዘጋጀ ገጽ ላይ የተዛነፈ ፊደልና የጎደለ ነጥብ ስትለቅም ትውላለች። አላገባችም። በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ፎቅ ላይ፣ ብቻዋን ትኖራለች። እናታቸው ከሞተች ስለቆየ አንዲት አስታማሚ ተቀጥራ አባትየውን ቀን ቀን ትጠብቃለች።

ታብሌት ይገዛላቸው ያለችው በሆስፒታሉ የምትከታተላቸው የንግግር ሐኪም ናት። ስክሪኑ ላይ አርባ ሁለት ሥዕሎች በስድስት ረድፍና በሰባት ዓምድ ተደረደሩ፤ አንዱ ሲነካ ቃሉን ይናገራል። ቃላቱን የቀዳው ሹፌሩ ነው፤ ድምፁን ከአባቱ ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ አልነበረምና። አንድ እሁድ አውቶቡሱን ጥላ ሥር አቁሞ፣ በሮቹን ዘግቶ፣ አርባ ሁለቱንም ቃል ለብቻው እየተናገረ ቀዳ። ከዚያ ወዲህ አናጢው ልጃቸውን ሲጠሩ ልጁ ራሱን በራሱ ድምፅ ሲጠራ ይሰማል። «ዕድሜ ልኬን የአባቴን ቃል እፈጽማለሁ ስል፣ ጭራሽ እሳቸው በእኔ ቃል ይናገሩ ጀመር» እያለ ይቀልድ ነበር።

ሐኪሟ ለልጆቹ አንድ ነገር አጥብቃ ነገረቻቸው። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ራሱን ሲነቀንቅ አትመኑት አለች፤ አዎ ሊል ፈልጎ አንገቱ ሌላ ሊል ይችላል። ጣታቸውን እመኑ። ለዚህም ብላ የእምቢታና የስሞታ ቃላቱን፣ ማለት አልፈልግም፣ አይደለም፣ በቃኝ፣ ተው፣ ያመኛል፣ ይቅር የሚሉትን፣ በቀኝ ጠርዝ ባለው ዓምድ ላይ አሰልፋ ቀይ ቀለም ሰጠቻቸው። «አዎ» አረንጓዴ ሆኖ በግራ ጠርዝ ተቀመጠ። አናጢው ቀዩን ዓምድ በአንድ ቀን ለመዱት። አረንጓዴውን ለመልመድ አንድ ወር ፈጀባቸው።

ታብሌቱ ከተገዛ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው አባትየው ለዘቡ። ሾርባ ሲቀርብላቸው ይበላሉ። ከሰዓት ይተኙ ሲባሉ ይተኛሉ። አስታማሚዋ ግራጫውን ሹራብ ስታለብሳቸው እጃቸውን ይሰጣሉ። ሹፌሩ «አባባ ሰው ሆኑ» አለ። ሐኪሟም በስልክ ስትጠየቅ፣ አንዳንዱ ሰው ከዓመት በኋላ ሁኔታውን እየተቀበለው እንደሚረጋጋ ነገረቻቸው። በዚያው ሰሞን አንድ ልማድ አመጡ፤ የታብሌቱን ቀኝ ጠርዝ በጣታቸው ደጋግመው ያንኳኳሉ። የአናጢ ነገር ነው፣ እንጨቱ ጤነኛ መሆኑን እየፈተሹ ነው ተባለና ተሳቀ።

ሁለቱም ልጆች በዚያ ሰሞን የሚጠይቁት ጉዳይ ነበራቸው። ሹፌሩ በጓሮው የእንጨት መሥሪያ ክፍል ስለቆሙት ማሽኖች አነሳ። መሰንጠቂያውም መላጊያውም ዝገት ጀምሯቸዋል፤ አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ይፈልጋቸዋል፤ ይሸጡ ወይ አላቸው። አባቱ አረንጓዴውን ነኩ። አራሚዋ ደግሞ ከእሷ ጋር ቢኖሩ እንደሚሻል አስረዳቻቸው። የእሷ ቤት ለሆስፒታል ይቀርባል፤ አሳንሰር አለው፤ ማታም ብቻቸውን አያድሩም። አባቷ ረጅም ጊዜ አዩዋት፣ ጠርዙን ሦስት አራቴ አንኳኩ፣ ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሆዳቸው ባብቶ ነው ብላ አሰበች። በነጋታው ቀለም ቀቢ ጠርታ ክፍሉን አስቀባች፤ በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መደገፊያ ብረት አስተከለች፤ የወሩ መጨረሻ ላይ እንደሚገቡም ለዘመዱ ሁሉ ነገረች።

ነገሩ የታወቀው አንድ ማክሰኞ ነው። አስታማሚዋ እግራቸውን ስታጥብ የግራ ተረከዛቸው ቆዳ ተገሽልጦ አየች። አዲሱ ጫማ ነው የበላቸው፤ የቁስሉ ጠርዝ መድረቅ ስለጀመረ ቀናት ቆይቷል። አራሚዋ ከሥራ እንደመጣች አስታማሚዋ አሳየቻት። አራሚዋን ያስገረማት ቁስሉ አልነበረም፤ እኚህ ሰው ድሮ አንሶላው ሲጨማደድባቸው እንኳ «ያመኛል» የሚሉ መሆናቸው ነው።

አራሚዋ ታብሌቱን ከአባቷ ጭን ላይ አንስታ «ያመኛል» የሚለውን ሥዕል ነካችው። ዝም አለ። ስክሪኑን ጠርጋ ደገመችው። በላዩ ያለውን «ተው»ን ነካች፤ «በቃኝ»ን፤ «አይደለም»ን። ስድስቱም ሥዕሎች ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ስድስቱም ዲዳ ናቸው። ከጎናቸው ያለው ዓምድ ይናገራል። አባቷ የምታደርገውን ሁሉ ሲያዩ ቆዩና ግራ እጃቸውን አንስተው ዓይናቸውን ሸፈኑ።

የመጀመሪያ ሐሳቧ ማሽኖቹ ነበሩ። ወንድሟ ጋ ደወለች። አባባ ሊሉ የሚችሉት አዎ ብቻ ሆኖ ነው የከረሙት፣ አንተም ያንን ይዘህ ንብረታቸውን ልትሸጥ ነው አለችው። ሹፌሩ እሱ ጠይቆ መልስ እንዳገኘ፣ ስክሪን መበላሸቱን ግን ከየት ሊያውቅ እንደሚችል መለሰ። አዎ ብቻ የቀረለት ሰው አዎ አላለም አለችው። እሱም ገዢው ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል፤ እስከዚያ ካልተሠራ ቀኑን አራዝማለሁ፣ ከተሠራ ግን እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ አላትና ስልኩን ዘጋ።

በዚያው ምሽት የንግግር ሐኪሟን ጠይቃ «አልፈልግም»ን ከጠርዙ አንስታ መካከል ላይ፣ በ«መስኮት» ቦታ አስገባችው። አልሆነም። የአባቷ ጣት በዓመት ውስጥ መንገዱን ለምዷል፤ ሥዕሉን ሳያይ ወደለመደበት ይሄዳል። መስኮት ሲፈልጉ እምቢ ይላሉ፤ እምቢ ሲሉ ጠርዙን ያንኳኳሉ። ሩብ ሰዓት ከታገሉ በኋላ ታብሌቱን ገፍተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሁሉንም ወደነበረበት መለሰችው።

ረቡዕ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ታብሌቱን ወደሸጠው ድርጅት የጥገና ማዕከል ሄደች። አዳራሹ ነጭ ነው፤ ወንበሮቹ ወለሉ ላይ በብሎን ታስረዋል። ቁጥር ወስዳ ተቀመጠች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ስልኳን በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። ዕቃዎቹ ቀን መቁጠር ያውቃሉ አለቻት ሴትየዋ፤ የእሷ ዋስትናው ባለቀ በሳምንቱ እንደሞተባት ነገረቻት። አራሚዋ የእሷ መቼ እንደሞተ አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ ነው መጠየቅ ያለባት ይኸ መሆኑ የገባት።

ተቀባዩ ታብሌቱን ገልብጦ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ አስገባ፣ ጣቱን በስክሪኑ ላይ ከዳር እስከዳር አስኬደ።

«ታቹ ሞቷል» አላት።

«ታቹ አይደለም፣ ቀኙ ነው» አለችው።

ተቀባዩ ፈገግ አለ። ታች የሚሉት ጣት የሚሰማውን የመስታወቱን ንጣፍ እንደሆነ አስረዳት፤ ሥዕሉ በሕይወት አለ፣ የሞተው ስሜቱ ነው። መሰንጠቅም ውሃም የለበትም፤ የፋብሪካ ጉድለት ሳይሆን አይቀርም። ይኸንን ሁሉ በደግነት ነገራትና ዋስትናው ካለቀ አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዳለፈው ጨመረላት። አሁን ሙሉው ስክሪን በክፍያ ይለወጣል፤ ዋጋው አዲስ ከመግዛት ብዙ አይርቅም። ዕቃው ከውጭ ስለሚመጣ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ታብሌቱ እዚያው ይቆያል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ነገረችው። ተቀባዩ አዘነ። አዝኖም መመሪያው ላይ ለሐዘን የሚሆን ቦታ እንደሌለ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ማተሚያ ቤት ገብታ ሐኪሟ ጋ ደወለችና የተነኩት ቃላት አንድ ቦታ ይመዘገቡ እንደሆነ ጠየቀቻት። ይመዘገባሉ፤ ፕሮግራሙ ሕመምተኛው የተናገረውን ቃል ሁሉ ከነቀኑና ሰዓቱ ያስቀምጣል፤ ሐኪሟ መሻሻላቸውን የምትከታተለው በዚያ ነበር። አራሚዋ መዝገቡን አውጥታ ያለፉትን ሦስት ወራት አተመችው። አርባ ገጽ ሆነ። እንደ ማንኛውም ረቂቅ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ከላይ ጀመረች።

አባቷ በቀን ሠላሳ ጊዜ ያህል እምቢ ይሉ ነበር። ይቅር፤ አልፈልግም፤ አልፈልግም፤ ተው፤ ልጁ፤ ተው። ገጹ በቀይ ምልክት ተሞላ። ከዚያ ከሰባት ሳምንት በፊት፣ አንድ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ «በቃኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሃያ ገጽ ገለበጠች፤ አንድም ቀይ አላገኘችም። ባልደረባዋ አልፎ ሲሄድ ገጾቹን አይቶ ይኸኛው ደራሲ መጨረሻ ላይ ተሻሽሏል አላት።

ሰባት ሳምንት አርባ ዘጠኝ ቀን ነው። ዋስትናው ያለቀው ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ዓምዱ የሞተው ዋስትናው ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ነበር።

ሐሙስ ገጾቹን ይዛ ተመለሰች። ይህን ጊዜ ያነጋገራት ኃላፊው ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር እስክሪብቶውን የሚያስተካክል ሰው። ገጾቹን አንድ በአንድ አየ፤ አልቸኮለም።

«ሥራሽን አደንቃለሁ፣ እህቴ» አላት። «ግን ይኸ የሚያሳየው አባትሽ እምቢ አለማለታቸውን ነው። ስክሪኑ መበላሸቱን አያሳይም። ተስማምተው ሊሆን ይችላል።»

«ሰባት ሳምንት ሙሉ? በሁሉም ነገር?»

«ሰው ይለወጣል።»

ይኸንኑ ወንድሟም ብሎ ነበር፤ ሐኪሟም። እሷም ከማንም በላይ አምናው ነበር። ስድስት የተለያዩ ቃላት በአንድ ጠዋት አብረው እንደቆሙ፣ ስድስቱም በአንድ መስመር ላይ እንደተሰለፉ በእስክሪብቶዋ አሳየችው። ኃላፊው ይኸ ጠንካራ ነገር መሆኑን አልካደም። ውሳኔው ግን የዋናው መሥሪያ ቤት እንጂ የእሱ አይደለም። ቅጽ ሰጣት፤ ሞላች፤ ገጾቹን አያይዛ አስገባች። መልሱ እስከ ሠላሳ የሥራ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያ ዕቃውን ማንም እንዳይከፍተው አሳሰባት።

ቤት ስትመለስ አባቷ ታብሌቱን አልተቀበሏትም። አስታማሚዋ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው፤ ወርዶ ምንጣፉ ላይ እስኪንሸራተት ድረስ አልነኩትም። ሾርባቸውን ግማሹን ትተው ተኙ።

መርፌን የጠቆመቻት አስታማሚዋ ናት። መርፌ ስልክና ታብሌት የምትጠግን ሴት ናት፤ ትልቅ፣ ትከሻዋ በበር የማይገባ የሚመስል፤ ስሙን ያወጡላት በጣቶቿ ነው። የምትሠራው አንድ የገበያ አዳራሽ ምድር ቤት ውስጥ፣ ቁልፍ ቀራጭና ቦርሳ ሰፊ መካከል ነው። አርብ ጠዋት አራሚዋ ታብሌቱን ስታቀርብላት ምንም ሳትጠይቅ የሥዕል መሣያ ገጽ ከፍታ ስክሪኑ ላይ በጣቷ መስመር ትሰምር ጀመር። መስመሮቹ ሁሉ ቀኝ ጠርዝ ሲደርሱ በአንድ ቦታ ይቆረጣሉ። ከዚህ ሞዴል በዚህ ዓመት ስድስተኛው ነው አለቻት፤ ጠርዙ ሥር ያለችው ቀጭን ገመድ ሙጫዋ በሙቀት እየለቀቀ ትላቀቃለች። ሌላ አንድ እንደዚሁ ያለ ታብሌት አላት፤ ባትሪው አብጦ የሞተ፣ ስክሪኑ ግን ጤነኛ የሆነ። ከዚያ አውጥታ ትገጥምላታለች። ድምፆቹንም ቀድማ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ትገለብጣቸዋለች። መስታወቱ ሲነሳ ሊሰበር እንደሚችል ግን ማወቅ አለባት።

አራሚዋ ቅጽ ማስገባቷን ነገረቻት። መርፌ እጇን ከታብሌቱ ላይ አነሳች።

«እንግዲያው አስቢበት» አለች። «እኔ ከከፈትኩት እነሱ ዘንድ ያለሽ ነገር ሁሉ አበቃ። ቢፈረድልሽም አይሠሩልሽም። ጥፋቱ የነሱ መሆኑን እያወቅሽ፣ የነሱ መሆኑን የሚያሳየውን ዕቃ በገዛ እጅሽ ታበላሺዋለሽ።»

አራሚዋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ያስገባችው ማስረጃ ጥሩ እንደሆነ ታውቃለች፤ በሥራዋ ጥሩና መጥፎ ማስረጃ መለየት ትችላለች። ልታሸንፍ ትችል ነበር። ሠላሳ የሥራ ቀን ማለት ስድስት ሳምንት ነው፤ ከዚያ ጥገናው አራት ሳምንት። ቁልፍ ቀራጩ ማሽኑን አስነስቶ አጠፋው።

«ክፈቺው» አለች።

አራት ሰዓት ፈጀ። መርፌ ጠርዙን በሞቀ ከረጢት አሙቃ ከቪዚቲንግ ካርድ የቀጠነ ፕላስቲክ ሥሩ አስገባች፤ በእያንዳንዱ ጣት ስፋት እየቆመች፣ ጆሮዋን ወደ መስታወቱ እያስጠጋች ገፋች። አንድ ጊዜ ብቻ የመሰንጠቅ ድምፅ ተሰማ፤ አሮጌው መስታወት ስለነበረ ግድ አልነበረውም። አራሚዋ ምሳ አልበላችም። ከቀትር በኋላ መርፌ አዲሱ ስክሪን ላይ መስመር ሰመረች፤ መስመሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጡ ሄዱ። ከዚያ የቀዩን ዓምድ አናት ነካች።

«አልፈልግም» አለ የሹፌሩ ድምፅ፣ ከፍ ብሎ። ቦርሳ ሰፊው ምን ቀርቦለት ነው ብሎ ቀና አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም አናጢው ቤት ተሰበሰቡ። ሹፌሩ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። እህቱን ሰላም ቢላትም አጠገቧ አልተቀመጠም። አራሚዋ ታብሌቱን አባቷ ጭን ላይ አደረገችና ጣታቸውን ይዛ ቀዩ ዓምድ ላይ አኖረችው። «ተው» አለ። አባቷ ጣታቸውን አነሱ፣ ራሳቸው መልሰው ነኩት። «ተው።» ስድስቱንም ከላይ እስከታች አንድ በአንድ ሞከሩ፤ አንዳቸውንም አልዘለሉም።

ሐኪሟ አንድን ጥያቄ በሁለት በኩል መጠየቅ ጥሩ ነው ብላ ነበር። አራሚዋም እንደዚያው አደረገች።

«አባባ፣ ማሽኖቹ ይሸጡ?»

«አዎ» አለ ታብሌቱ።

ሳይገባቸው ቀርቶ ይሆናል ብላ ቀስ ብላ ገለበጠችው። «ማሽኖቹ ጓሮ ይቆዩልዎት?»

ጣታቸው ስክሪኑን አቋርጦ ወደ ቀኝ ሄደ። «አልፈልግም።»

ሹፌሩ በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው። ኮፍያውን አውልቆ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። አራሚዋ ፊቷ ቀላ። ይቅርታ ልትለው ዞር ስትል አባቷ እጇን መታ አደረጉና ወደራሳቸው መለሷት። ገና አልጨረሱም። የእሷ ፎቶ ያለበትን ሥዕል ነኩ። «ልጅቷ» አለ። ቀጥለው «ቤት»ን፤ ቀጥለው «መሄድ»ን። ከዚያ ጣታቸውን አነሱና ዓይን ዓይኗን እያዩ ወደ ጠርዙ ወሰዱት።

«አልፈልግም» አለ ድምፁ።

ቀድሞ የገባት አስታማሚዋ ናት፤ ተነስታ ወደ ማድቤት ገባች። አራሚዋ ያንን ቀን አስታወሰች፤ ሦስት አራቴ ያንኳኩትን፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡትን። ወንድሟ ቢያንስ አዎ የሚል መልስ ይዞ ነበር የሄደው። እሷ የሄደችው ምንም ሳትይዝ ነው።

«እዚሁ፣ በቤትዎ መኖር ነው የሚፈልጉት?» አለች። ድምፅዋ እንደወትሮው ነበር።

«አዎ።»

«እሺ፣ አባባ።»

ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት የተጠራቀመው ወጣ። አስታማሚዋ ሾርባውን ይዛ ስትመለስ ካሮቱን አይተው «ይቅር» አሉ። ግራጫው ሹራብ ይቅር። የከሰዓት እንቅልፍ አልፈልግም። ጫማው፤ ያመኛል። ሹፌሩ ሬዲዮ ሲከፍት ጣቢያው አይደለም፤ ሲቀይረውም አይደለም፤ ሲያጠፋው ዝም አሉ። አስታማሚዋ እንዳትረሳው ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች። ሹፌሩ በገዛ ድምፁ ስድሳ ጊዜ እምቢ ሲባል ሰምቶ በመጨረሻ ሳቀ፤ እህቱም አብራው ሳቀች። ሲወጡ በሩ ላይ ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም ታብሌቱን ለማሠራት ለብቻዋ መሮጥ እንዳልነበረባት ነገራት፤ ከዚያ የአውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኛት።

ቅዳሜ ገዢው መኪናና አራት ጫኞች ይዞ መጣ። አናጢው ወንበራቸው ጓሮ እንዲወጣላቸው አደረጉ። ጫኞቹ መሰንጠቂያውን በጭንቅላቱ በኩል ሊያነሱ ሲሉ «ተው» አሏቸው። ጫኞቹ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። እኔ አይደለሁም፣ እሳቸው ናቸው አለ። በሥሩ በኩል እስኪይዙት ድረስ «ተው» ማለታቸውን አላቆሙም። ሁለተኛውን ማሽን ሲያነሱ ጫኞቹ ራሳቸው አስቀድመው ወደ ሽማግሌው ያዩ ነበር። መኪናው ሲወጣ አናጢው የተራቆተውን ወለል ትንሽ አይተው «ቤት» አሉና ወደ ውስጥ ተወሰዱ።

አራሚዋ ለዘመዶቿ አንድ በአንድ ደውላ ሐሳቡ መቅረቱን ነገረች። የተቀባው ክፍል ውስጥ ለሁለት ሳምንት አልገባችም። ከዚያ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት እሱ ስለሆነ አልጋዋን ወደዚያ አዛወረችው። መደገፊያውን ብረት ለመንቀል ግድግዳውን ማፍረስ ስለሚጠይቅ ፎጣ ትሰቅልበታለች።

በሃያ ስምንተኛው የሥራ ቀን ስልኳ ጮኸ። የጥገና ማዕከሉ ኃላፊ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ማስረጃዋን ተመልክቶ ጉዳዩን በልዩ ሁኔታ መቀበሉን ነገራት፤ ስክሪኑ ያለ ክፍያ ይለወጣል። ደስ ብሎት ነበር፤ በድምፁ ያስታውቃል። ዕቃውን እንደነበረ ይዛ እንድትመጣ ብቻ ነው የሚጠበቀው። መከፈቱን ነገረችው። ኃላፊው እንግዲያው ምንም ሊያደርግ እንደማይችል በሐዘን ነገራት።

«እናንተ ዘንድ ግን ጥፋቱ የፋብሪካው እንደነበረ ተጽፏል?» አለችው።

ፋይሉ የሚዘጋው «ደንበኛዋ ትታዋለች» በሚል እንደሆነ፣ ሌላ አማራጭ እንደሌለው ገለጸላት። እሷ እንዳልተወችው ነገረችው። ያውቃል፤ ግን ሊመርጥ የሚችለው ከሦስት ቃላት አንዱን ብቻ ነው። ሦስቱ ምን ምን እንደሆኑ ጠየቀችው፤ «ተጠግኗል»፣ «ተከልክሏል»፣ «ደንበኛዋ ትታዋለች» ብሎ ዘረዘረላት። አመስግናው ስልኩን ዘጋች። ሰኞ ነበር፤ ጠረጴዛዋ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መጽሐፍ ረቂቅ ተቀምጧል፤ እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ ሁለት ገጽ አረመች።